ገብስማ ዶሮ በኪሮሽ

ዳንቴል ሲባል በየቤታችን የምናውቀው ጠፍጣፋውን ነው፤ የሶፋ ልብሱን፣ የቴሌቪዥን መሸፈኛውን፣ የጠረጴዛ ላዩን። በዚያው ኪሮሽና በዚያው የእጅ ስልት ግን ጥጥ ጠግባ ቁጭ የምትል ዶሮም ትሠራለች። ጃፓኖች እንዲህ ያለውን አሻንጉሊት አሚጉሩሚ ይሉታል፤ ስሙ ከነአሠራሩ ዓለምን አዳርሷል።

ለደብረ ወርቅና በጠቅላላው ለእናርጅ እናውጋ ሰው አሠራሩ እንግዳ አይሆንበትም። ስፌት የምትሰፋ ሴት ሰፌዷን ከመሐል ጀምራ፣ በአክርማ እየጠቀለለች ዙር በዙር ታሰፋዋለች። መሶብ ከሆነ ደግሞ ወገቡ እንዲቆም ስትፈልግ ማስፋቱን ትተዋለች፤ እንዲጠብ ስትፈልግ ዙሩን ታሳጥራለች። ዶሮዋም በዚሁ ሕግ ትሠራለች። ልዩነቱ፣ ስፌት ሰፊዋ በዐይኗ የምትለካውን እኛ በቁጥር መያዛችን ነው። ቁጥሩን የጠበቀ ሰው፣ እጁ ገና ያልፈታ ጀማሪም ቢሆን፣ ዶሮ ያወጣል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ክር፦ መካከለኛ ውፍረት ያለው የሹራብ ክር ይስማማል። ለአካሏ የመረጡት ቀለም፣ ለኩክኔዋ ቀይ፣ ለመንቁሯ ቢጫ፣ ለዐይኗ ጥቁር ይያዙ። ከቀይና ከቢጫው ጥቂት ክንድ ስለሚበቃ የተተረተረ አሮጌ ሹራብም ያገለግላል። የቀለም ምርጫው ካነሰ ደብረ ማርቆስ ለሚሄድ ሰው መላክ ነው።

ዶሮዋ ገብስማ እንድትሆን ከፈለጉ ነጭና ጥቁር ቀጫጭን ክሮችን አጣምረው እንደ አንድ ክር ይሥሩ። ሁለቱ ክሮች እየተጠማዘዙ አንዴ ነጩ፣ አንዴ ጥቁሩ ወደ ላይ ስለሚወጣ ነጠብጣቡ በራሱ ይመጣል። አንድ ወጥ ቀይ ወይም ነጭ ዶሮ ግን ለጀማሪ ትቀላለች፤ ቋጠሮዎቹ በግልጽ ስለሚታዩ ለመቁጠር አያስቸግሩም።

ኪሮሽ፦ 3 ሚሊ ሜትር። ቀጭኑ የዳንቴል ኪሮሽ የሹራብ ክርን ይሰነጥቀዋል፤ በጣም ወፍራሙ ደግሞ ሥራውን ወንፊት ያደርገዋል።

ሙሌት፦ ለጋቢ ከተባዘተው ጥጥ የተረፈ ካለ ከሁሉ ይሻላል። ከሌለ ታጥቦ በደቃቁ የተቆራረጠ ጨርቅ ይሁን። እህል አይሙሉባት፤ ነቀዝና አይጥ ይጠራል፣ ዶሮዋም መታጠብ አትችልም።

በተጨማሪ ቀዳዳው ሰፊ የሆነ መርፌ፣ መቀስና አንድ መርፌ ቁልፍ ያዘጋጁ።

አራቱ የእጅ ሥራዎች

ሰንሰለት፦ ክሩን በኪሮሹ ጫፍ ይዞ ኪሮሹ ላይ ባለው ቀለበት ውስጥ ማሳለፍ።

ቋጠሮ፦ ኪሮሹን ወደ ታችኛው ቋጠሮ አስገብተው ክር ይሳቡ፤ ኪሮሹ ላይ ሁለት ቀለበት ይኖራል። እንደገና ክር ይያዙና በሁለቱም ውስጥ አንድ ጊዜ ያሳልፉ።

መጨመር፦ በአንዱ የታች ቋጠሮ ውስጥ ሁለት ቋጠሮ መሥራት።

መቀነስ፦ ከአንዱ ቋጠሮ ክር ስበው ሳይጨርሱት ከቀጣዩም ይሳቡ፤ ኪሮሹ ላይ ሦስት ቀለበት ሲሆን ክሩን በሦስቱም ውስጥ ያሳልፉ። ሁለቱ አንድ ሆኑ ማለት ነው።

አካሏን መሥራት

ሥራው ከጭንቅላቷ አናት ተነሥቶ ወደ መቀመጫዋ ይወርዳል። ዙሩ ሳይዘጋና ሳይቋረጥ እየተጠመዘዘ ስለሚሄድ መነሻው ቶሎ ይጠፋል። ስለዚህ መርፌ ቁልፉን በየዙሩ የመጀመሪያ ቋጠሮ ላይ ይስኩ፤ ዙሩ ሲሞላ ነቅለው ወደ ቀጣዩ ዙር መጀመሪያ ያዛውሩት።

1. ሁለት ሰንሰለት ሠርተው በመጀመሪያው ሰንሰለት ውስጥ 6 ቋጠሮ ያስገቡ።
2. በእያንዳንዱ ላይ ይጨምሩ፤ 12 ይሆናል።
3. አንድ ቋጠሮ ሠርተው በቀጣዩ ይጨምሩ፤ እንዲሁ ዙሩን ይጨርሱ፤ 18።
4. ከ4ኛ እስከ 7ኛ ዙር ሳይጨምሩ 18፣ 18 ይሥሩ። ጭንቅላቷ ይህ ነው።
5. 8ኛ ዙር፦ ሁለት ቋጠሮ፣ መጨመር፤ 24። 9ኛው ዙር ሳይጨመር 24።
6. 10ኛ ዙር፦ ሦስት ቋጠሮ፣ መጨመር፤ 30። 11ኛው ሳይጨመር 30።
7. 12ኛ ዙር፦ አራት ቋጠሮ፣ መጨመር፤ 36።
8. ከ13ኛ እስከ 17ኛ ዙር 36፣ 36። ሆዷ እዚህ ላይ ነው።
9. 18ኛ ዙር፦ አራት ቋጠሮ፣ መቀነስ፤ 30።
10. 19ኛ ዙር፦ ሦስት ቋጠሮ፣ መቀነስ፤ 24።

እዚህ ላይ ቆም ይበሉና ጥጡን ይሙሉ። ጭንቅላቷን አስቀድመው በኪሮሹ እጀታ እየጠቀጠቁ ያጥብቁት፤ አንገቷ ላይ ጥጥ ካነሰ ዶሮዋ አንገቷን ትሰብራለች። ሆዷን በትንሽ በትንሹ ይሙሉ፤ አንድ ጊዜ የገባ ትልቅ ጉማጅ ጥጥ ከውጭ እብጠት ሆኖ ይታያል። አካሏ ጥቁር ከሆነ ነጩ ጥጥ በቋጠሮዎቹ መካከል ብቅ እንዳይል በጥቁር ጨርቅ ጠቅልለው ያስገቡት።

11. 20ኛ ዙር፦ ሁለት ቋጠሮ፣ መቀነስ፤ 18።
12. 21ኛ ዙር፦ አንድ ቋጠሮ፣ መቀነስ፤ 12። የጎደለውን ጥጥ ያሟሉ።
13. 22ኛ ዙር፦ በሙሉ መቀነስ፤ 6።

ክሩን አንድ ስንዝር ያህል አስቀርተው ይቁረጡ፤ በመርፌ በስድስቱ ቋጠሮዎች ዙሪያ አዙረው ይሳቡና ይቋጩ። ጫፉን ወደ ሆዷ ያስገቡት። መቀመጫዋን በመዳፍዎ ጫን ቢሉት ጠፍጠፍ ብላ ትቀመጣለች። እንደ ክሩ ውፍረትና እንደ እጅዎ ጥብቀት ቁመቷ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ይሆናል።

ቁጥሩ ለምን 6 ሆነ?

የቋጠሮው ቁመትና ስፋት ተቀራራቢ ነው። ክብ ነገር በአንድ ቋጠሮ ቁመት ወደ ውጭ ሲሰፋ ዙሪያው በስድስት ቋጠሮ ከሩብ ገደማ ይረዝማል። በየዙሩ 6 ከጨመሩ ሥራው ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ካልጨመሩ ይቆማል፤ ከቀነሱ ይዘጋል። ሥራዎ ገና በጅምሩ እንደ ስኒ ከጎበጠ መጨመር ዘለዋል ማለት ነው፤ ጠርዙ ከተሸበሸበ ደግሞ አብዝተዋል። በጣት ጎትቶ ለማስተካከል መድከም ትርፍ የለውም፤ ቁጥሩ እስከተሳሳተበት ዙር ድረስ መተርተር ይሻላል።

ብልቶቿ

የወጥ ዶሮ 12 ብልት ይወጣላታል፤ የእኛዋ በጥቂቱ ትረካለች።

ክንፍ (ሁለት)፦ 6፣ 12፣ 18 እያሉ ሦስት ዙር ይሥሩና ክቡን ለሁለት አጥፈው ጠርዙን ይስፉ። የታጠፈውን ቀጥ ያለ ጎን በ11ኛው ዙር ላይ ከጎኗ ይስፉት፤ ክቡ ጎን ነጻ ይሁን።

መንቁር፦ በቢጫ ክር በ4 ቋጠሮ ይጀምሩ፤ በሁለተኛው ዙር አንድ ቋጠሮ፣ መጨመር እያሉ 6 ያድርሱት። የዙሩ መነሻ ከኋላ እንዲሆን አድርገው በፊቷ መካከል በ5ኛውና በ6ኛው ዙር ላይ ይስፉት።

ኩክኔ፦ በቀይ ክር 4 ሰንሰለት ይሥሩና ኪሮሹን ወደ መጀመሪያው ሰንሰለት መልሰው ክሩን በሁሉም ውስጥ ያሳልፉ፤ አንድ ጥርስ ይወጣል። ክሩን ሳይቆርጡ ሁለት ጊዜ ይድገሙትና ከፊት ወደ ኋላ አናቷ ላይ ይስፉት። ድርብ ኩክኔ ላማረው ሁለት ሠርቶ ጎን ለጎን መስፋት ነው። ከመንቁሯ ሥር የምትንጠለጠለውን ቀይ ነገር በአራት ሰንሰለት ይሥሯት።

ጅራት፦ ከኋላዋ በ14ኛው ዙር ላይ ክር ያስገቡና 8 ሰንሰለት ሠርተው እዚያው ይሰሩት፤ ከዚያ 10፣ ቀጥሎም 8። አውራ ዶሮ ከሆነ 14፣ 18፣ 14 ያድርጉት፤ ረጅሙ ጅራት ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ ይወርድለታል።

ዐይን፦ በ4ኛውና በ5ኛው ዙር መካከል፣ ከመንቁሯ ግራና ቀኝ፣ በጥቁር ክር ደጋግመው በመውጋት ይሥሩት። አዝራርና ጨሌ ያምራሉ፤ ነገር ግን ሕፃን ነቅሎ ሊውጣቸው ስለሚችል ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሁኑ። ከመስጠትዎ በፊት እያንዳንዱን ብልት ጠበቅ አድርገው በመጎተት ይፈትኑ።

አጠባበቋ

ስትቆሽሽ ለብ ባለ ውኃና በሳሙና በእጅ እያሹ ያጥቧት፤ አይጠምዝዟት፣ በፎጣ ይጫኗት። ጥጥ የሞላው ነገር በደጋው ክረምት ቶሎ አይደርቅም፤ ውስጡ ሻግቶ ይሸታል። ስለዚህ ፀሐይ የሚወጣበትን ቀን ጠብቀው ያጥቧት፤ ስትደርቅም ጥጡ እንዳይጓጉል በጣትዎ ፈታ ፈታ ያድርጉት።

የሠሩበትን ቁጥር፣ የክሩንና የኪሮሹን ዓይነት ደብተር ላይ ይጻፉ፤ ለሽያጭ የሚያስቡ ከሆነ ሁለተኛዋ ከመጀመሪያዋ ጋር እኩል የምትወጣው በዚህ ነው። ጫጩት ለመጨመር 6፣ 12፣ 18 ብለው፣ አምስት ዙር በ18 ሄደው፣ ጥጡን ሞልተው በ12 እና በ6 ይዝጉ። ቢጫ ክር ይሁን፤ ኩክኔ አያስፈልጋትም።