ከመፈረምህ በፊት ጠይቅ!

ሥራ አገኘህ? እንኳን ደስ ያለህ!

ውሉ ግን በእንግሊዝኛ ነው። ዓይንህ አንድ ሐረግ ላይ ተተከለ፦ «አንደር ዘ ኦቶሪቲ ኦፍ ዘ ኢምፕሎየር»። በአሠሪው ሥልጣን ሥር ልትሆን ነው። ደነገጥክ? ነፃነትህን የሸጥክ መሰለህ?

ተረጋጋ!

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም የሥራ ውልን የሚገልጸው በዚሁ መንፈስ ነው። አንተ በአሠሪህ መሪነት ትሠራለህ፤ እሱ ደመወዝ ይከፍልሃል። በቃ።

ሥልጣኑስ ወሰን የለውም? አለው እንጂ!

መደበኛ የሥራ ሰዓትህ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም። የሙከራ ጊዜህ ቢበዛ 60 የሥራ ቀን ነው። ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት ቢያንስ 16 የሥራ ቀን ፈቃድ አለህ። በሕዝብ በዓል ቀን ትርፍ ሰዓት ከሠራህ የሰዓት ክፍያህ በ2.5 ይባዛል።

ይህን የሚያውቅ ሰው አለቃውን ያከብራል እንጂ አይፈራም።

«እንግሊዝኛ አይገባኝም» ማለት ዛሬ ይብቃ! ማይንድሴትህን ቀይር። ነጋሪት ጋዜጣ አማርኛውን በግራ፣ እንግሊዝኛውን በቀኝ አድርጎ ያትማል። ከዚህ የተሻለ አስተማሪ ከየት ታመጣለህ? በቀን አንድ አንቀጽ ያዝ። ግራውን አንብብ፤ ቀኙን አንብብ። የከበደህን ሐረግ ደብተርህ ላይ ጻፍ።

ከዚያ ተጠቀምበት! ሲቪህ ላይ «አንደር ዘ ሱፐርቪዥን ኦፍ» ብለህ የአለቃህን የሥራ መደብ ጨምር። በሰው ሥር መሥራት አያሳፍርም። ቀጣሪው በማን ሥር ሠርተህ ምን እንዳስረከብክ ማወቅ ይፈልጋል። በልበ ሙሉነት ንገረው!

ከመፈረምህ በፊት ደግሞ ሦስት ጥያቄ ልማድ ይሁንህ። ማን ያዘኛል? በየትኛው ሥራ? እስከ ስንት ሰዓት?

መልሱ ውሉ ላይ የለም? ጠይቅ። ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል!

የጽሑፍ ውል ጭራሽ አልተሰጠህም? አሠሪህ ውሉ ከተደረገ በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ ሊሰጥህ ይገባል። በትህትና አስታውሰው። መብትህን መጠየቅ ጠብ አይደለም።

የሥራ ሰዓትህን አሠሪህ ይምራው። የቀረውን ማን ይመራዋል? አንተ! ስልክህ አይደለም፤ ወሬ አይደለም፤ ስንፍና አይደለም።

ዛሬ ማታ ውልህን ከመሳቢያ አውጣ። የመጀመሪያውን አንቀጽ አንብብ። ነገ ሁለተኛውን ቀጥል!