«ኦፊስ» በአማርኛ፦ ቦታ፣ ተቋም፣ ሹመት ወይስ ግዴታ?

መግቢያ

ከአዲስ አበባ በደጀን አድርጎ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የምትገኘው ሉማሜ የአዋበል ወረዳ መቀመጫ ናት። ወደ ወረዳው መሥሪያ ቤቶች የመጣ አንድ ባለጉዳይ «ጉዳይዎ ቢሮ ነው» የሚል መልስ ቢሰጠው፣ መልሱ አጭር ቢሆንም ፍቺው ሁለት ነው። ቢሮ የተባለው በዚያው ግቢ ውስጥ ያለ አንድ ክፍል ሊሆን ይችላል፤ ባሕር ዳር የሚገኝ የክልል መሥሪያ ቤትም ሊሆን ይችላል። በሁለቱ ፍቺዎች መካከል ከ200 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ አለ።

ይህ አጭር ጽሑፍ በሥራ ዓለም እጅግ ከተለመዱት የእንግሊዝኛ ቃላት አንዱ የሆነውን «ኦፊስ»ን ከአማርኛ አቻዎቹ ጋር ያመዛዝናል። እንግሊዝኛ በአንድ ቃል የጠቀለላቸውን አራት ፅንሰ ሐሳቦች አማርኛ በየስማቸው ለይቶ የሚጠራ መሆኑን ያሳያል፤ ይህ ልዩነት ሲደበዝዝ በባለጉዳዩ ላይ የሚደርሰውንም ይመረምራል።

የቃላቱ ምንጭ

«ኦፊስ» የላቲኑ «ኦፊኪዩም» ዝርያ ነው። የላቲኑ ቃል «ሥራ» እና «ማድረግ» ከሚሉ ሁለት ቃላት የተዋቀረ ሲሆን፣ ቀዳሚ ፍቺው ግዴታና አገልግሎት ነበር። የሥራ ክፍልን ማመልከት የጀመረው ዘግይቶ ነው።

«ቢሮ» የመጣው በሌላ መንገድ ነው። የቃሉ ባለቤት ፈረንሳይኛ ሲሆን፣ መነሻ ፍቺው ሻካራ የሱፍ ጨርቅ ነበር። ጨርቁ የጽሕፈት ጠረጴዛ ይሸፍን ስለነበር ጠረጴዛው በጨርቁ ስም ተጠራ፤ ቀጥሎም ጠረጴዛው ያለበት ክፍል፣ በመጨረሻ በክፍሉ የሚሠራው ተቋም ስሙን ወረሰ። አማርኛ የተቀበለው የመጨረሻዎቹን ሁለት ፍቺዎች ነው። እንዲህ ያለው የትርጉም ጉዞ ለአማርኛ እንግዳ አይደለም፤ ግምጃ የከበረ ጨርቅ ሲሆን፣ ግምጃ ቤት ግን የመንግሥት ሀብት የሚጠበቅበት ስፍራ ነው።

እንግዲህ «ኦፊስ» ከግዴታ ተነሥቶ ወደ ክፍል ወርዷል፤ «ቢሮ» ከቁስ ተነሥቶ ወደ ተቋም ወጥቷል። ሁለቱ መንገድ ላይ ቢገናኙም፣ ግዴታ የሚለው ፍቺ በ«ቢሮ» ውስጥ አይገኝም።

አራቱ ፍቺዎች

አንደኛው ፍቺ ቦታ ነው። «ቢሮ ገባ»፣ «ቢሮ የለም» ስንል ክፍሉን እናመለክታለን። አንዳንዱ አጠቃቀም ግን በ«ቢሮ» አይተካም። አሜሪካዊ «የሐኪም ኦፊስ» የሚለውን እኛ ክሊኒክ እንለዋለን፤ የፖስታ «ኦፊስ» ደግሞ ፖስታ ቤት ነው።

ሁለተኛው ፍቺ ተቋም ነው። አማርኛ ተቋምን በ«ቤት» ላይ የመመሥረት ጽኑ ልማድ አለው፦ ፍርድ ቤት፣ ምክር ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ መሥሪያ ቤት፣ ጽሕፈት ቤት። በዚህ ረገድ ተርጓሚ ሊጠነቀቅበት የሚገባው የብሪታንያው «ሆም ኦፊስ» ነው። ስሙ የአገር ውስጥ ጉዳይን የሚመራ ሚኒስቴር መጠሪያ ነው፤ እነዚያው ሁለት ቃላት በተራ አነጋገር መኖሪያ ቤት ውስጥ የተዘጋጀ የሥራ ክፍል ማለት ይሆናሉ።

ሦስተኛው ፍቺ ሹመት ነው። እንግሊዝኛ «ኦፊስ ያዘ» የሚለውን አማርኛ «ሥልጣን ያዘ» ይላል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 70 ስለ ፕሬዚዳንቱ ሲደነግግ፣ በእንግሊዝኛው የ«ኦፊስ» ዘመን የተባለው በአማርኛው «የሥራ ዘመን» ነው። በአንቀጽ 106 መሠረት የመጨረሻ ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ ስለሆነ፣ ሕጋችን ሹመትን የተረዳው እንደ ሥራ ነው ማለት ይቻላል። የቀድሞዎቹ ማዕረጎችም ይህንኑ ይመሰክራሉ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ፣ ከነባሮቹ ማዕረጎች መካከል ጸሐፌ ትእዛዝና አፈ ንጉሥ ይገኙ ነበር። የመጀመሪያው ትእዛዝ የሚጽፍ፣ ሁለተኛው በንጉሥ ስም የሚፈርድ ነው። በሁለቱም ስሞች ውስጥ ሰውና ግዴታው እንጂ ቤት አልተጠቀሰም።

ይሁንና አማርኛም ሰውንና ተቋምን የሚያቀላቅልበት ጊዜ አለ። «ባለሥልጣን» ሹመት ያለው ግለሰብ ነው፤ «የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን» ስንል ግን ተቋም ነው።

አራተኛው ፍቺ የቃሉ መነሻ የሆነው ግዴታ ነው። በዲፕሎማሲ ቋንቋ «በጎ ኦፊሶች» የሚባለው፣ ለምሳሌ የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ተፋላሚ ወገኖችን ለማቀራረብ የሚሰጡት አገልግሎት፣ በቀጥታ «ጥሩ ቢሮዎች» ተብሎ ቢተረጎም ትርጉም አልባ ይሆናል፤ ቅርቡ የአማርኛ ቃል ሽምግልና ነው። በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን «መለኮታዊ ኦፊስ» የሚባለውም በየሰዓቱ የሚደርስ ጸሎት ነው። ለጎጃም ሊቃውንት ይህ ሩቅ አይደለም፤ ከአባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ስም ጋር የተያያዘው መጽሐፈ ሰዓታት በዓይነቱ የዚሁ አቻ ነው።

ቃሉ በአስተዳደር እርከን

በአማራ ክልል የመሥሪያ ቤት ስም እርከንን ያመለክታል። ትምህርትን ብንወስድ በክልል ትምህርት ቢሮ፣ በምሥራቅ ጎጃም ዞን ትምህርት መምሪያ፣ በአዋበል ወረዳ ደግሞ ትምህርት ጽሕፈት ቤት አለ። በእኛ አገር የእንግሊዝኛ ደብዳቤ «ኦፊስ» የሚሰጠው ለወረዳው፣ ማለትም ከሦስቱ ለታችኛው ነው። በለንደን ግን በዚሁ ቃል የሚጠራው ሚኒስቴር ነው። የእኛን ልማድ ይዞ የውጭ ሰነድ የሚያነብ ተማሪ ከፍተኛውን ተቋም ዝቅተኛ አድርጎ ሊረዳ ይችላል።

በአፍ አጠቃቀም ያለው ችግር ከዚህ የከበደ ነው። የዝውውር ጥያቄ ያቀረበች መምህርት «ቢሮ አልፈቀደም» ብትባል፣ የከለከላት በሚቀጥለው ክፍል ያለው ኃላፊ ነው ወይስ ባሕር ዳር ያለው መሥሪያ ቤት? የመጀመሪያው ከሆነ ቅሬታዋን ወደ ደብረ ማርቆስ ወደ ዞኑ መምሪያ ልታቀርብ ትችላለች፤ ሁለተኛው ከሆነ ዞኑ የበላዩን ውሳኔ አይሽርም። መልሱን ሳታውቅ የምትሳፈርበት መኪና የደመወዟን ክፍል ይበላል፤ የይግባኝ ቀኗም ሊያልፍ ይችላል። ከዚህም በላይ ዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ያለው ይመስላል እንጂ ሰው የለበትም፤ ቢሮ አይፈቅድም፣ አይከለክልም፤ የሚፈቅደውና የሚከለክለው በቢሮው የተቀመጠው ኃላፊ ነው።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ተጠያቂ የሚያደርገው ኃላፊነቱን ያጓደለን ኃላፊና የሕዝብ ተመራጭ ነው። ተጠያቂነቱ እንዲሠራ ተጠያቂው መታወቅ አለበት።

መደምደሚያ

ከዚህ ምልከታ ሦስት ተግባራዊ ነጥቦች ይገኛሉ። ተርጓሚ «ኦፊስ»ን ሲያገኝ በመጀመሪያ ቦታ፣ ተቋም፣ ሹመት ወይስ ግዴታ መሆኑን ይለይ። የመንግሥት ሠራተኛ በቃልም ሆነ በጽሑፍ ሲመልስ «ቢሮ» ብሎ አይለፍ፤ እርከኑንና የወሰነውን የሥራ መደብ ይጥቀስ። ባለጉዳይም «የትኛው ቢሮ? ማን ወሰነ?» ብሎ መጠየቅ መብቱ መሆኑን ይወቅ።

አማርኛ ለዚህ የሚያግዝ ቃል አለው። «ኃላፊ» በአንድ በኩል ሥራ የተጣለበት ሰው፣ በሌላ በኩል የሚያልፍ ማለት ነው፤ ያለፈውን ጊዜም በሰዋስው «ኃላፊ ጊዜ» እንላለን። በወንበሩ የተቀመጠው ያልፋል፤ በዘመኑ የሰጠው ውሳኔ ግን በስሙና በመደቡ ተመዝግቦ ሊቀር ይገባል።