ብቻውን የተሰደደው ልጅ፦ ከሱረቱ ዩሱፍ የምንማረው

 

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬ በሱረቱ ዩሱፍ ውስጥ ያለውን ልጅ እናስተውለው። ከአባቱ ተነጥሎ ጉድጓድ ውስጥ ተጣለ፣ በጥቂት ዲርሃም ተሸጠ፣ አንድም ዘመድ ወደሌለበት ምስር ገባ። በዛሬ ቋንቋ ያለ አሳዳጊ የተሰደደ ልጅ ነበር።

እንዲህ ያሉ ልጆች ከእኛ ሩቅ አይደሉም። የሱዳን ጦርነት ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ከፈነዳ ወዲህ ብዙ ሰው በመተማ በኩል ወደ ክልላችን ገብቶ፣ በምዕራብ ጎንደር በኩመርና በአውላላ ጣቢያዎች ተጠልሎ ነበር። በ2016 ደግሞ ብዙዎች ጸጥታ አጥተው ከአውላላ ወጥተው መንገድ ዳር ሰፈሩ። በዞናችንም በ2013 ከመተከል የተፈናቀሉ ወገኖች ቻግኒ ራንች ሰፍረው ነበር። እነሱ በገዛ አገራቸው የተፈናቀሉ ናቸው፤ በሕግ ስደተኛ አይባሉም። የልጅ ልብ ግን ይህን ልዩነት አያውቅም፤ የሚያውቀው ቤቱን ማጣቱን ነው።

ከሱራው ሦስት ነገር እንያዝ።

1. ሐዘን የኢማን ድክመት አይደለም። ያዕቁብ (ዐ.ሰ) ነቢይ ሆነው ሳለ ለልጃቸው ከማዘናቸው የተነሣ ዓይናቸው ነጣ፤ ሰብራቸው ግን አልጠፋም። ሐዘንና ሰብር በአንድ ልብ ይኖራሉ። እንቅልፍ ያጣ፣ በቅዠት የሚባንን፣ ድምፅ በሰማ ቁጥር የሚደነግጥ፣ ራሱን ወይም ሆዱን ሁልጊዜ የሚያመው፣ ትምህርት አልገባ ያለው ልጅ ቁርኣን ስላልቀራ አይደለም እንዲህ የሆነው። ያየው ነገር ከብዶት ነው። «ሰብር አድርግ» ብለን ብቻ አንለፈው።

2. ከምክር በፊት ማረፊያ። ዩሱፍን (ዐ.ሰ) የገዛው ሰው ለሚስቱ ያዘዘው ማረፊያውን እንድታከብርለት ነው። የሐበሻው ነጃሺም በመጀመሪያ ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ሙሃጂሮቹን ለቁረይሾች አሳልፈው አልሰጡም። ወጣቱ ጀዕፈር ቢን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) በንጉሡ ፊት ሱረቱ መርየምን ቀራ፤ ልጁ ዐብደላህም እዚሁ ሐበሻ ተወለደ። አዲስ አገር መልመድ ማለት የራስን መጣል አይደለም። ከእኛ መካከል አገውኛ ተናግሮ ያደገ፣ ለትምህርት ሌላ ከተማ ሄዶ በአነጋገሩ የተሳቀበት ካለ፣ የዚህን ጥቂቱን ቀምሷል።

3. ዩሱፍ የቲም አልነበረም። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አባቱ በሕይወት ነበሩ። ስለዚህ ብቻውን የመጣን ልጅ ሁሉ የቲም ነው ብለን አንደምድም። ጦርነት የበታተናቸውን ቤተሰቦች የሚያፈላልግ አገልግሎት በቀይ መስቀል አለ። «እናቴ የት ናት?» ብሎ የሚጨነቅ ልጅ ከምክር ይልቅ ይህን መንገድ ቢያገኝ ልቡ ያርፋል።

ታዲያ እኛ ምን እናድርግ? በስሙ እንጥራው፤ «ስደተኛው» አንበለው። ታሪኩን ንገረን ብለን አናስጨንቀው፤ ራሱ ሲያወራ ግን ሳናቋርጥ እንስማው። ኳስ ስንጫወት እንጥራው፣ መስጂድ ከጎናችን እናስቁመው፣ አማርኛ እናስተምረው። የሱዳን ልጅ ከሆነ ደግሞ ዐረብኛችንን እሱ ያርመን፤ የሚሰጠው ነገር ያለው ሰው ቀና ብሎ ይሄዳል። ሁልጊዜ ሌላው ሰጪ፣ እሱ ተቀባይ ከሆነ ግን አንገቱን ይደፋል። መብላት ካቆመ፣ ከሰው ከራቀ ወይም መሞት እመኛለሁ ካለ፣ ምስጢር ነው ብለን አንደብቅ። ብቻውን ሳንተወው ለሚጠብቀው ሰው እንንገር፣ ወደ ጤና ጣቢያም አብረነው እንሂድ። ሩቃ ማስቀራትና ሕክምና አይጣሉም፤ መድኃኒትን ፈልጉ ያሉን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ናቸው።

የአንድን ሙእሚን ጭንቅ በዱንያ ያቀለለ፣ አላህ የቂያማን ጭንቅ እንደሚያቀልለት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። ዛሬ ከዐስር በኋላ ዱዓእ ስናደርግ ብቻቸውን የተሰደዱትን አንርሳ።

ያ አላህ! ዩሱፍን ከአባቱ እንዳገናኘኸው የተበታተኑትን አገናኝ፣ የፈሩትን አረጋጋ፣ እኛንም ማረፊያ አድርገን። አሚን።