የኒቆዲሞስ ጥያቄና የእኛ እርጅና

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እንደምታውቁት የዐቢይ ጾም ስምንቱ ሳምንታት እያንዳንዳቸው ስም አላቸው፤ ሰባተኛው ኒቆዲሞስ ይባላል። በዚህ ሳምንት ብዙ ጊዜ ስለማንነጋገርበት ነገር ላንሳላችሁ፤ ስለ እርጅና።

ኒቆዲሞስ የአይሁድ አለቃና መምህር ነበር። በሌሊት ወደ ጌታ መጥቶ ስለ ዳግም ልደት በሰማ ጊዜ፣ ዕድሜው የገፋ ሰው ወደ እናቱ ማኅፀን ተመልሶ እንዴት ይወለዳል ብሎ ጠየቀ (ዮሐ. 3፥4)። ጌታችን ስለ ጥምቀት እየነገረው እንደነበር ቤተ ክርስቲያን ታስተምረናለች። እኛ ግን «ምነው መምህር ሆኖ ይህ አልገባውም?» እያልን ቶሎ እናልፈዋለን። እስቲ ቆም ብለን እናስተውለው፤ ጥያቄው የሽማግሌ ጥያቄ ነው። «አሁን በዚህ ዕድሜዬ ምን ልለወጥ?» የሚል አባት፣ «ከእንግዲህማ መሞት ነው የቀረኝ» የምትል እናት በየቤታችን አሉ አይደል?

ይህን የምጽፈው የቂርቆስንና የካዛንቺስን አረጋውያን እያሰብኩ ነው። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው «ኢንቺስ» ከተባለ የጣሊያን ድርጅት ነው፤ «ካዛ ኢንቺስ» ሲባል ቆይቶ ካዛንቺስ ሆነ። በ2017 ዓ.ም. አሮጌው ሰፈር በአብዛኛው ፈረሰ፤ ነዋሪው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ቦታዎች ሄደ። ለልጆች አዲስ ቤት ደስታ ሊሆን ይችላል። ዕድሜውን ሁሉ በእግሩ ኪዳን ሲያደርስ ለኖረ አዛውንት ግን ሌላ ነገር ነው።

አንዲት የማውቃቸው እናት ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ዓይናቸው ቢደክምም የቤተ ክርስቲያኑን መንገድ እግራቸው ያውቀው ነበር። አሁን ታክሲ መቀያየር አለባቸው፤ ጉልበቱ የለም። የጽዋ ማኅበራቸው ሰዎች ተበትነዋል፣ የዕድራቸውም እንደዚያው። በዚህ ላይ ሐኪም መድኃኒቱን ጠዋት ከምግብ ጋር ውሰጂ አላቸው። የንስሐ አባታቸውም ቀምሰው እንዲውጡ ፈቀዱላቸው። እሳቸው ግን አለቀሱ። «ደብሬም ራቀኝ፣ ጾሜንም ልሽር ነው፤ ታዲያ ምን ቀረኝ?» አሉኝ።

አይ እማማ፣ አልሻሩም። ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 ስለ ጾም ሲደነግግ ሕመምተኛውን አልረሳውም፤ ቤተ ክርስቲያን የልጆቿን አቅም ታውቃለች። የንስሐ አባት እንደ ሰውየው ጉልበት መጠኑን ይወስናል፤ ለዚያ መታዘዝም ጾም ነው። ስግደትም እንዲሁ ነው፤ ጉልበቱ እንቢ ያለው ሰው ራሱን ዝቅ ቢያደርግ ይበቃዋል። የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒታቸውን «ጾም ነው» ብለው በራሳቸው የሚያቋርጡ አባቶችና እናቶች አሉ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ! ለሐኪሙም ለንስሐ አባታችሁም ሳትነግሩ ምንም አትለውጡ።

«ምን ቀረኝ?» ለሚለውስ? ቅዱስ ሉቃስ ስለ ነቢይቱ ሐና ጽፎልናል (ሉቃ. 2፥36-38)። ሰማንያ አራት ዓመት የተነገረላት መበለት ናት፤ በጾምና በጸሎት ከመቅደስ አትለይም ነበር። ሕፃኑን ጌታ በመቅደስ ያወቁት እሷና አረጋዊው ስምዖን ናቸው፤ የተማሩት ካህናት ሁሉ በዚያው እያሉ! እንግዲህ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንቅልፍ እንቢ ሲላችሁ አትበሳጩ። የልጆቻችሁን፣ የተበተኑትን ጎረቤቶቻችሁን፣ የሞቱትንም የዕድር ሰዎች ስም እየጠራችሁ ጸልዩ። ይህን ያህል ስም በቃሉ የያዘ ወጣት የት ይገኛል?

የሰፈሩ ጠባቂ የቅዱስ ቂርቆስ ገድልም አንድ ነገር ያስታውሰናል። ቂርቆስ የሦስት ዓመት ሕፃን ነበር። የሚፈላው ውኃ እንደ ነጎድጓድ ሲጮኽ የፈራችው እናቱ ቅድስት ኢየሉጣ ናት፤ ያጽናናትና የጸለየላት ልጇ ነው። ከዚያ በኋላ መልአኩ ቅዱስ ገብርኤል ውኃውን አቀዘቀዘላቸው። ትልቅ ሰው ይፈራል። እርጅና ደግሞ ብዙ የሚያስፈራ ነገር ይዞ ይመጣል፤ መውደቁ፣ ብቸኝነቱ፣ ለሰው ሸክም መሆኑ። ስለዚህ ልጆች ሆይ፣ «ፈሪ ሆኑ» ብላችሁ አትሳቁባቸው።

በዚህ ሳምንት አንድ ነገር አድርጉ። ከሰፈር የተነሡ አንድ አዛውንት ጋ ደውሉ። መኪና ያላችሁ እሑድ ወደ ቀድሞው ደብራቸው ውሰዷቸው፤ ካልሆነ በአዲሱ መንደር አቅራቢያ ያለውን ቤተ ክርስቲያን እጃቸውን ይዛችሁ አሳዩአቸው፣ ከካህኑም አስተዋውቋቸው። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች የሄዱትን ሰዎች ስልክና አድራሻ ብትመዘግቡ ትልቅ ሥራ ነው፤ አንዳንዱ ካህን የንስሐ ልጆቹ የት እንደገቡ እንኳ አያውቅም።

እናንተም በዕድሜ የገፋችሁ፣ ለሃያ ዓመት ያኮረፋችሁት ወንድም ካለ ጊዜው አልፏል አትበሉ። ያ በሌሊት የመጣው ኒቆዲሞስ ኋላ በሸንጎ መካከል ስለ ጌታ ተናገረ (ዮሐ. 7፥50-51)። ደቀ መዛሙርቱ በተበተኑ ጊዜ ደግሞ ከዮሴፍ ጋር ሥጋውን ሊገንዝ መቶ ንጥር ያህል የከርቤና የእሬት ቅልቅል ይዞ መጣ (ዮሐ. 19፥39)። እንዴት ይቻላል ብሎ የጠየቀው ሽማግሌ እሱ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።