ምዕራፍ 9፦ መጥቶ የሚሄድ የደም ግፊት

ሰውየው ቁጭ ባለበት፣ ሳይሮጥና ሳይናደድ፣ ልቡ ድው ድው ማለት ይጀምራል። ራሱን ይፈልጠዋል፤ ፊቱ አመድ ይመስላል፤ ሸሚዙ በላብ ይርሳል። አሁንስ ሞትኩ ይላል። ሩብ ወይም ግማሽ ሰዓት ሲያልፍ ሁሉም ይተወውና ድካም ብቻ ይቀራል። ሐኪም ቤት እስኪደርስ ግፊቱ ወርዷል፣ የልብ ምርመራውም ደህና ነው። “ጭንቀት ነው፣ ሐሳብ አታብዛ” ይባልና ወደ ቤቱ ይመለሳል።

አብዛኛውን ጊዜ በእርግጥም ጭንቀት ነው። በጥቂት ሰዎች ላይ ግን መነሻው ፊዮክሮሞሳይቶማ የሚባል የአድሬናል ዕጢ እባጭ ነው። በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ሰው ከ2 እስከ 8 በሚሆኑት ላይ ብቻ ይገኛል። ይህን ያህል ብርቅ ከሆነ ለምን ምዕራፍ ሰጠሁት? ደም ግፊት እድሜ ልክ ክኒን የሚዋጥበት በሽታ ነው ብለን ለምደናል፤ ይህኛው ግን ተቆርጦ ወጥቶ ሊድን ከሚችሉት ጥቂቶች አንዱ ነው። ሳይታወቅ ከቀረ ደግሞ በድንገት ይገድላል።

አድሬናል ዕጢዎች በሁለቱ ኩላሊቶች አናት ላይ እንደ ቆብ የተደፉ ናቸው፤ የእያንዳንዳቸው ክብደት 5 ግራም ገደማ ነው። ውጫዊው ክፍላቸው ኮርቲሶልና አልዶስትሮን፣ ውስጠኛው ደግሞ አድሬናሊንና ኖርአድሬናሊን ያመነጫል። ጅብ ሲያባርረን ልባችን የሚፈጥነው፣ ግፊታችን የሚጨምረው በእነዚህ በመጨረሻዎቹ ሁለት ሆርሞኖች ነው። እባጩ ይህንኑ ሆርሞን ያለ አንዳች ምክንያት፣ አንዳንዴም ሰው ሲያጎነብስ፣ ሆዱ ሲጫን ወይም ለማስታወክ የሚታዘዘውን ሜቶክሎፕራማይድ የመሰለ መድኃኒት ሲወስድ ወደ ደም ይለቀዋል።

እ.ኤ.አ. በ1886 ፊሊክስ ፍራንክል የተባለ ሐኪም በጀርመን ፍራይቡርግ የሞተችን የ18 ዓመት ልጃገረድ ታሪክ ጻፈ። ልቧ እየተነሣባት፣ ራሷን እያመማት ስትሠቃይ ኖራ ድንገት ነበር የሞተችው። አስከሬኗ ሲመረመር በሁለቱም አድሬናሎቿ ላይ እባጭ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2007 ተመራማሪዎች የቤተሰቧን ተወላጆች ፈልገው ሲመረምሩ በዘር የሚተላለፍ የዘረ መል ለውጥ አገኙባቸው። ከመቶ ዓመት በላይ ያለፈው የልጅቱ ሞት ዛሬ በሕይወት ላሉ ዘመዶቿ ማስጠንቀቂያ ሆነ። ይህን ታሪክ የማነሣው ስለሚያሳዝን ብቻ አይደለም። ከታማሚዎቹ ቢያንስ ሲሶው በሽታውን የወረሰው ከቤተሰቡ ነው። ስለዚህ የዘረ መል ምርመራ ጉዳይ ከእያንዳንዱ ታማሚ ጋር መነጋገሪያ ሊሆን ይገባል።

ምርመራው ቅደም ተከተል አለው፤ ብዙ ጉዳት የሚደርሰው ቅደም ተከተሉ ሲዛባ ነው። መጀመሪያ ደምና ሽንት፣ ከዚያ ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ። የሚለካው ሜታኔፍሪን የሚባለው የአድሬናሊን ቅሪት ነው። የደሙ ምርመራ ጥንቃቄ ይፈልጋል፦ ታማሚው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በጀርባው ተንጋሎ ካረፈ በኋላ ነው ደሙ የሚቀዳው። ተቀምጦ ከተቀዳ ጤነኛውም ሰው ከፍ ያለ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። የሽንቱ ምርመራ ደግሞ የ24 ሰዓት ነው። ጠዋት ሲነሡ የመጀመሪያውን ሽንት ይደፉታል፣ ሰዓቱን ይጽፋሉ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ፣ የሌሊቱን ጭምር፣ እስከ ማግስቱ ጠዋት ሽንት ድረስ ላቦራቶሪው በሰጠዎት ዕቃ ያጠራቅማሉ። አንድ ጊዜ እንኳ ካመለጠዎት ውጤቱ አያስተማምንም፤ እንደገና ይጀምሩ። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ አስቀድመው ይናገሩ። አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች፣ በአንዳንድ የላቦራቶሪ ዘዴ ደግሞ ፓራሲታሞል ሳይቀር ውጤቱን ያዛባሉ።

በስካን የታየ የአድሬናል እባጭ ሜታኔፍሪኑ ሳይለካ በመርፌ ናሙና ሊወሰድለት አይገባም። መርፌው ሆርሞኑን በአንዴ ሊያስለቅቀውና ሰውየውን ለአደጋ ሊያጋልጠው ይችላል።

መድኃኒቱ ቀዶ ሕክምና ነው። ስዊዘርላንድ ውስጥ ሴዛር ሩ፣ አሜሪካ ውስጥ ቻርልስ ሜዮ እ.ኤ.አ. በ1926 እባጩን አውጥተው ታማሚዎቻቸውን አድነዋል። በዚያ ዘመን ግን በቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ላይ ሕይወቱ የሚያልፈው ብዙ ነበር። ቀዶ ሐኪሙ እባጩን ሲነካው ግፊቱ ሽቅብ ይወጣል፤ የእባጩ ደም ሥር ሲታሰር ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ቁልቁል ይወርዳል። ይህን አውሎ ነፋስ ያረጋጋው ዝግጅት ነው። ታማሚው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ከ7 እስከ 14 ቀን አልፋ ብሎከር የሚባለውን መድኃኒት፣ ዶክሳዞሲንን ወይም የመሰለውን፣ ይወስዳል፤ መድኃኒቱ የተጠበበውን ደም ሥር ሲያሰፋው የደሙ መጠን እንዲሞላ ጨውና ፈሳሽ በብዛት ይታዘዝለታል። ልቡ አሁንም ከፈጠነ ቤታ ብሎከር ይጨመርለታል፤ ቤታ ብሎከሩ ግን ከአልፋው በፊት አይሰጥም። ከተገለበጠ ግፊቱ ይባስ ይወጣል። “ልቤ ይመታብኛል” ላለ ሁሉ ቤታ ብሎከር ማዘዝ የተለመደ ስለሆነ፣ መድኃኒቱን ወስዶ የባሰበት ሰው ዝም ማለት የለበትም፤ ፈጥኖ ለሐኪሙ ይንገር።

በዝግጅትና በተለማመደ ቡድን ሲሠራ ዛሬ የሚሞተው በጣም ጥቂት ነው። አብዛኛው እባጭም በትናንሽ ቀዳዳዎች፣ በላፓሮስኮፒ ይወጣል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ሰዓታት ግፊትና የደም ስኳር ሊወርዱ ስለሚችሉ ታማሚው በቅርብ ክትትል ሥር ይቆያል። አብዛኞቹ እባጮች አይሠራጩም፤ ሆኖም የትኛው ወደፊት ሊሠራጭ እንደሚችል በማይክሮስኮፕ ብቻ መለየት ስለማይቻል ክትትሉ ለዓመታት ይቀጥላል።

ስለ ሌሎቹ የአድሬናል እባጮች ባጭሩ። አልዶስትሮን የሚያመነጨውን እባጭ ጀሮም ኮን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሚሺጋን ውስጥ ገለጸው። በክኒን አልታዘዝ ያለ ግፊትና የፖታሲየም ማነስ አብረው ከታዩ እሱን መጠርጠር ነው። ኮርቲሶል የሚያመነጨው ፊትን ያሳብጣል፣ ሆድን ያወፍራል፣ ክንድና እግርን ያከሳል። ለሌላ ጉዳይ በተነሣ ስካን በአጋጣሚ የሚታየው እባጭ ግን አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሆርሞን የማያመነጭ ነው። “እባጭ አለብህ” የሚለውን ቃል ብቻ ሰምተው አይደንግጡ፤ ይልቁንስ “ሆርሞኑ ተለክቷል ወይ?” ብለው ይጠይቁ።

ራስ ምታት፣ ላብና የልብ መምታት አንድ ላይ እየመጡ የሚሄዱብዎት ከሆነ የግፊት መለኪያ ቤት ውስጥ ይኑርዎት። ሲነሣብዎት በዚያው ቅጽበት ይለኩ፤ ቁጥሩን፣ ሰዓቱንና ሲያደርጉ የነበሩትን ይጻፉ፤ ወረቀቱን ይዘው ሐኪምዎ ዘንድ ይሂዱ። ከቤተሰብዎ በወጣትነቱ ድንገት የሞተ ወይም ገና ወጣት ሳለ ግፊት የያዘው ካለ ያንንም ይንገሩ። በሽታው ከተገኘብዎትና በዘር የሚተላለፈው ዓይነት ከሆነ፣ ለእህት ወንድሞችዎና ለልጆችዎ ሳይውሉ ሳያድሩ ይንገሯቸው፤ እነሱም ይመርመሩ።