የፊታችን ቆዳና አጠባበቁ



ጠዋት ጠዋት ወደ ክፍል ከመግባታችን በፊት ሁላችንም መስታወት ፊት ሳንቆም አንቀርም። የቸኮለውም ቢሆን በመስኮት አየት አድርጎ ያልፋል። ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። መምህር የሚሆን ሰው በየቀኑ በብዙ ዓይኖች ፊት የሚቆም በመሆኑ ፊቱ ንጹሕና ጤናማ እንዲሆን መፈለጉ ተገቢ ነው። ችግሩ የሚመጣው ከመስታወቱ በኋላ ነው። «ብጉርህን በሎሚ እሸው»፣ «ይችን ተቀቢ፣ በሳምንት ታበራለሽ» የሚለው ምክር ከመኝታ ቤት መኝታ ቤት ይዞራል። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ የፊት ቆዳ ምን እንደሆነ፣ ምን እንደሚስማማውና ምን እንደሚጎዳው በአጭሩ እንመለከታለን።

1. ቆዳ ምንድን ነው?

ቆዳ ከሰውነታችን ብልቶች ሁሉ ትልቁ ነው። ሦስት ንብርብሮች አሉት። በላይኛው ንብርብር አዳዲስ ሕዋሳት ከሥር እየተፈጠሩ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ያረጁት ደግሞ ይራገፋሉ። ይህ መታደስ በወጣት ሰው ላይ አራት ሳምንት ያህል ይፈጃል። «በሦስት ቀን ፊት ይለውጣል» የሚባል ቅባት ሲያጋጥማችሁ ይህችን ቁጥር አስታውሱ። ቆዳችንን የሚያጠይመው ሜላኒን የተባለው ቀለም የሚሠራውም እዚሁ የላይኛው ንብርብር ውስጥ ነው። ሥራውም ከፀሐይ ጨረር መከላከል ነው።

በመካከለኛው ንብርብር የደም ሥሮች፣ የላብ ዕጢዎችና የወዝ ዕጢዎች ይገኛሉ። «ፊቱ ወዝ አለው» ስንል ማማሩን መናገራችን አይደለም እንዴ? ይኸው ወዝ ከዕጢዎቹ እየመነጨ ቆዳው እንዳይደርቅና እንዳይሰነጠቅ የሚያለሰልስ ቅባት ነው። እንግዲህ ፊትን የሚያበራው ነገር ከገበያ ሳይገዛ ከራሳችን ቆዳ ይመነጫል ማለት ነው። የእኛ ድርሻ እሱን አለማጥፋት ነው።

2. እንዴት እንታጠብ?

የጤነኛ ቆዳ ገጽ በመጠኑ አሲድነት አለው፤ ፒኤች መጠኑ 5 ገደማ ነው። የተለመደው ሳሙና ግን 9 ወይም 10 ይደርሳል። በሳይንስ ክፍል ቀይ ሊትመስ ወረቀት ካለ በሳሙና ውሃ ብትነክሩት ወደ ሰማያዊ ሲለወጥ ታያላችሁ። ከተማሪዎቻችሁም ጋር ልትሠሩት የምትችሉት ቀላል ሙከራ ነው። በልብስ ሳሙና ፊታችንን ስንፈገፍግ ወዙን ጠርገን ስለምናወጣው ቆዳው ይደርቃል፣ ይኮማተራል፣ ያሳክካል።

ስለዚህ፦
ሀ/ ጠዋትና ማታ፣ እንዲሁም ካላበን በኋላ፣ ለብ ባለ ወይም በቀዝቃዛ ውሃና በለስላሳ ሳሙና መታጠብ፤
ለ/ በጣት ጫፍ ቀስ አድርጎ ማሸት፤ በሻካራ ጨርቅ አለመፈግፈግ፤
ሐ/ በራስ ፎጣ ጫን ጫን እያደረጉ ማድረቅ፤ ፎጣ አለመዋዋስ፤
መ/ ቆዳችን ደረቅ ከሆነ ፊታችን እርጥበቱን ሳይጨርስ በውሃ የቀጠነ ግሊሰሪን ወይም ስስ ቫዝሊን መቀባት። ፊቱ ወዛም የሆነና ብጉር የሚያስቸግረው ሰው ግን ቫዝሊን ባይቀባ ይሻለዋል።

ጠመኔ የያዘ እጅም ቆዳ ያደርቃል። ከክፍል ስንወጣ እጃችንን ሳንታጠብ ፊታችንን አንነካካ።

3. ስለ ብጉር

በጉርምስና ዕድሜ የሰውነት ሆርሞኖች ሲጨምሩ ወዝም ይበዛል። ወዙ ከሞቱ ሕዋሳት ጋር ተቀላቅሎ ቀዳዳውን ሲደፍነው ባክቴሪያ ይራባል፤ ቦታው ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይመግላል። ብጉር እንግዲህ ይኸው ነው። የቆሻሻ ሰው ምልክት አይደለም። ጓደኛሞች እየተሳሳቁ እንደሚሉትም የማግባት ፍላጎት ምልክት አይደለም።

ብጉርን ማፍረጥ መግሉን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ ጠባሳና ጥቁር ነጥብ ትቶ ይሄዳል። ሎሚና የጥርስ ሳሙና ቆዳ ያቃጥላሉ፤ ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣትማ የባሰ ነው። ፀጉራቸውን ቅቤ ወይም ቅባት የሚቀቡ ሰዎች ቀልጦ ወደ ግንባራቸው ሲወርድ እዚያው ብጉር ሊያወጣባቸው ስለሚችል ግንባራቸውን መጥረግ አለባቸው። ወንዶች ደግሞ ጢማችሁን ስትላጩ መጀመሪያ አርጥቡት፤ ምላጩንም በጠጉሩ አቅጣጫ ሳቡት። ምላጭ መዋዋስ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ በደም የሚተላለፍ በሽታ ያመጣል።

ብጉሩ ከበዛ በፋርማሲ የሚገኘው ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ይረዳል። ውጤቱ የሚታየው ግን ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ ነውና ትዕግሥት ይጠይቃል።

4. ደጋው አያታልለን

«ብርድ ነው፣ ፀሐዩ ምን ያደርጋል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ነገር ግን ወደ ላይ በ1000 ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር ቆዳ የሚጎዳው ጨረር በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ቢቀዘቅዝም ጨረሩ ብርቱ ነው። ማድያትን የሚያብሰው፣ ቆዳንም ያለ ዕድሜው የሚያሸበሽበው ይኸው ነው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ድረስ ሰፊ ባርኔጣ፣ ጃንጥላ ወይም ነጠላ መከናነብ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ መከላከያ ነው። አቅም ያለው 30 እና ከዚያ በላይ የመከላከል ኃይል ያለውን የፀሐይ ቅባት ይጨምርበት።

5. ስለ ማቅያ ቅባቶች

ይህን ክፍል የምጽፈው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ሠልጣኝ ሳለሁ ከገበያ አንዲት ትንሽ ቱቦ ገዛሁ። በሁለተኛው ሳምንት ፊቴ ጠራ፣ ቀላ። ጓደኞቼ «ኧረ ምን ተገኘ?» እያሉ ከበቡኝ፤ እኔም ደስ አለኝ። በአራተኛው ወር ግን ጉንጬ ላይ ቀያይ የደም ሥሮች ታዩ፤ አንድ ቀን ሳልቀባ ካደርኩ ፊቴ በርበሬ የተቀባ ያህል ይነድ ጀመር። ጤና ጣቢያ ስሄድ ሐኪሙ ቱቦውን አገላብጦ አነበበና «ይኼ የችፌ መድኃኒት ነው፤ ለፊትሽ ማን አዘዘልሽ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤታሜታዞንና ክሎቤታሶል የተባሉት መድኃኒቶች የስቴሮይድ ዓይነት ናቸው። ሐኪም ለበሽታ ሲያዛቸው ይጠቅማሉ። ለውበት ብለን ስንቀባቸው ግን ቆዳውን ያሳሱታል፣ ብጉርና ጠጉር ያበቅላሉ፤ ለማቆምም ያስቸግራሉ። ሃይድሮኪኖን ለረጅም ጊዜ ሲቀቡት ፊትን መልሶ ሊያጠቁረው ይችላል። ባዚቃ ያለበት ማቅያ ደግሞ ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው የሚናማታ ስምምነት ባዚቃ ያለባቸው የቆዳ ማቅያዎች ከ2020 በኋላ እንዳይመረቱ፣ ከአገር አገርም እንዳይዘዋወሩ የሚደነግገው በዚሁ ምክንያት ነው። ሆኖም በድብቅ የሚሸጡት አልጠፉም። በላዩ ላይ የተጻፈ ነገር የሌለውን፣ ወይም ከሌላ ዕቃ ተገልብጦ የሚሸጥ ቅባት አትግዙ። የጀመራችሁ ካላችሁ ሐኪም አማክራችሁ አቁሙ። ማንኛውም የነጣ፣ ስትነኩትም የማይሰማችሁ ምልክት ቆዳችሁ ላይ ካያችሁ ሳትቀቡት ቶሎ ታዩ፤ የሥጋ ደዌ ምልክት ሊሆን ይችላልና። በሽታው በጊዜ ከተደረሰበት ይድናል።

6. የመምህር ፊት

የእኔ ፊት ለመዳን ከመንፈቅ በላይ ወሰደ። ከሁሉ ያሳዘነኝ ግን ሌላ ነው። ለዕረፍት ቤት በገባሁ ጊዜ የአሥራ አንድ ዓመት እህቴ ከቱቦዬ እየቀነሰች ስትቀባ አገኘኋት። «ለምን?» ብላት «አንቺስ?» አለችኝ። እንዲህ አድርጊ ብዬ የነገርኳት አንድም ቃል አልነበረም፤ እያየችኝ ተማረች።

ነገ ሃምሳና ስድሳ ልጆች ፊት እንቆማለን። ጠይሙም፣ ጥቁሩም፣ ቀዩም ልጅ በእኛ ላይ የሚያየውን ይወስዳል። የራሱን መልክ የሚጠላ መምህር ሳይናገር ብዙ ያስተምራል። እንግዲያው ፊታችንን በውሃ እንጠብ፣ ከፀሐይ እንጠብቀው፣ በቂ እንቅልፍ እንተኛ፣ አትክልትና ፍራፍሬ እንመገብ፤ የቀረውን ለወዛችን እንተውለት።