ታኖይ፦ የወል ስም የሆነ የተጸውዖ ስም

ቀጥሎ ያለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ፤ ከዚያም መልመጃውን ሥሩ። በምንባቡ የተጠቀሱት ዘመናት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1926 ጋይ ፋውንቴን የተባለ እንግሊዛዊ በደቡብ ለንደን አንድ አነስተኛ ድርጅት አቋቋመ። በዚያ ዘመን ብዙው የቤት ራዲዮ በባትሪ የሚሠራ በመሆኑ፣ ባትሪው በደከመ ቁጥር ኃይል ለማስሞላት ወደ ሱቅ መውሰድ ግድ ነበር። ፋውንቴን ግን ባትሪው እቤት ውስጥ በኤሌክትሪክ እንዲሞላ የሚያደርግ መሣሪያ ሠራ። ለመሣሪያው ታንታለም የተባለ ማዕድንና የእርሳስ ቅይጥ ስለ ተጠቀመ፣ «ታንታለም» ከሚለው ቃል መነሻውን፣ «ቅይጥ» የሚል ፍቺ ካለው «አሎይ» ከተባለው የእንግሊዝኛ ቃል ደግሞ መድረሻውን ወስዶ «ታኖይ» የሚል ስም አወጣ።

ድርጅቱ ብዙም ሳይቆይ ወደ ድምፅ ማጉያ ሥራ ተሻገረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መሣሪያዎቹ በጦር ሰፈሮች ተተከሉ፤ ትእዛዝም ማስጠንቀቂያም በእነርሱ ይነገር ጀመር። ሕዝቡም የማስታወቂያ ድምፅ ማጉያን ሁሉ፣ ሠሪው ማንም ይሁን ማን፣ «ታኖይ» እያለ ጠራው።

ይሁን እንጂ ይህ ክብር ጉዳትም አለበት። ድርጅቱ በ1947 ቀጭኑንና ወፍራሙን ድምፅ ከአንድ ማእከል የሚያወጣ፣ በሙዚቃ መቅረጫ ስቱዲዮዎች የተወደደ ድምፅ ማጉያ አቅርቧል፤ ብዙው እንግሊዛዊ ግን ስሙን የሚያነሣው የባቡር ጣቢያን ጥሪ ሲሰማ ነው። ከዚህም በላይ የንግድ ስም ፈጽሞ የወል ስም ከሆነ ሕጋዊ ጥበቃውን ሊያጣ ይችላል። ፋውንቴን በ1974 ድርጅቱን ለአንድ የአሜሪካ ኩባንያ ሸጠ፤ የፈጠረው ቃል ግን በሕዝብ አንደበት ቀረ።

የሰዋስው ማስታወሻ

የተጸውዖ ስም አንዱን ከሌላው ለይቶ ይጠራል፤ የወል ስም ግን የአንድ ዓይነት ነገሮች ሁሉ የጋራ መጠሪያ ነው። በአገራችንም የአንድ ኢጣሊያዊ ድምፅ ማጉያ ሠሪ ስም የሆነው «ሞንታርቦ» የትልልቅ ድምፅ ማጉያዎች ሁሉ መጠሪያ ሆኗል። «ሁለት ሞንታርቦዎች ተከራየን» ስንል ቃሉ የብዙ ቁጥር አመልካች መቀበሉ የወል ስም መሆኑን ያሳያል።

መልመጃ

1. «ታኖይ» የሚለው ስም ከየትኞቹ ቃላት ተገኘ?
2. ከምንባቡ ሦስት የተጸውዖና ሦስት የወል ስሞች አውጥታችሁ ጻፉ።
3. ከንግድ ስምነት ወደ ወል ስምነት የተለወጡ ሌሎች ሁለት ቃላት ፈልጋችሁ ዐረፍተ ነገር ሥሩባቸው።
4. የስሙ የወል መሆን ለድርጅቱ ጥቅም ነው ወይስ ጉዳት? ሐሳባችሁን በምክንያት አስደግፋችሁ በአንድ አንቀጽ ግለጹ።